የበረዶ ቤቱ መስመር

ናዒማ መቀመጥ አቅቷታል። ከወንበሩ ትነሳለች፣ በሩ ጋ ደርሳ ትመለሳለች፣ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ትደፋለች። ወንድሟ ረምዚ ከአባታቸው ጋር ተጣልቶ ከወጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዛሬ ጠዋት የድምፅ መልእክት ላከላት፣ «ናዒማ፣ ዛሬ ማታ በጀልባ የመን እሻገራለሁ። እማዬን አደራ።» ከዚያ ስልኩን አጠፋ። የመን ደግሞ ጦርነት ላይ ናት፤ የት ሊገባ ነው ይሄ እብድ!

ከንግግሩ ጀርባ ረጅም ጩኸት ይሰማል። እሷ «መርከብ ነው» ስላለች አባቷ ዓብዱሰመድ ሱቁን ዘግቶ ዶራሌ ወደብ ሲንከራተት ውሏል። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ እስካሁን ወሬ የለም።

ናዒማ የሒሳብ ተማሪ ናት፤ የመመረቂያ ጥናቷም ድምፅን በሥዕል ማየት ነው። ኮምፒውተሩ ድምፁን ቆራርጦ ይስለዋል፤ ጊዜው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ወፍራሙ ድምፅ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ ቁራጩን ስታሳጥረው ድምፁ መቼ እንደተሰማ ይታይና ቅጥነቱ ይደበዝዛል፣ ስታስረዝመው ቅጥነቱ ይጠራና ጊዜው ይምታታል። ሁለቱን ባንዴ አጥርቶ ማየት አይቻልም። እስካሁን አሳጥራው ነበር። አሁን አስረዘመችው። ጩኸቱ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ የመርከብ ቢሆን አንድ ወጥ በሆነ ነበር። የከባድ መኪና ጥንድ ክላክስ! ከባድ መኪና ደግሞ ከዶራሌ እስከ ባልባላ ሰፈር መንገዱን ሞልቶታል። አባቷን በከንቱ አንከራተተችው።

ያኔ ትዝ አላት። መልእክቱን ገና ሳታየው አጽድታዋለች። ዋራበሌ ሰፈር ቤታቸው ውስጥ የቀዳችውን ድምፅ ሁሉ በረዶ እየሠራ የሚሸጠው የጎረቤት በረዶ ቤት ሞተር ያበላሽባታል፤ ሥዕሉ ላይ ወጣ ብሎ፣ ተንቀጥቅጦ የሚወርድ መስመር። ዓመቱን ሙሉ እየረገመች ስታጠፋው ስለኖረች፣ እጇ ለምዶ የወንድሟንም መልእክት እንደዚያው አድርጋዋለች። ያልጸዳውን ከፈተች። መስመሩ ከረምዚ ድምፅ ጀርባም አለ። ወጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ወረደ።

«ምን ዓይነት ደደብ ነኝ!» ብላ ሮጠች።

የበረዶ ቤቱ ባለቤት እትዬ እልፍነሽ በሩ ላይ ቆመው፣ «እኔ ማንንም አላየሁም» አሉ፤ ዓይናቸውን ግን አሸሹ። ናዒማ አልፋቸው ገባች። ረምዚ ከሞተሩ ጀርባ ሻንጣውን ታቅፎ ተቀምጧል።

«ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ?»

«ወላሂ ልሄድ ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «በግድግዳው በኩል የእማዬ ሳል ይሰማኛል። ዛሬስ ልውጣ ስል እግሬ እምቢ ይለኛል።»

ናዒማ ተናደደች፣ አለቀሰችም። ሻንጣውን ነጥቃ ተቀመጠችበትና ስልኳን አወጣች።

«አባዬ፣ ከዶራሌ ተመለስ» አለች። «ልጅህ ከቤት አልወጣም።»