የሚጢጢ በር

አናጺው የሴት ልጁን ክፍል በር የነቀለው ማክሰኞ ጠዋት፣ ቁርስ ተበልቶ ሳህኑ ከጠረጴዛ ሳይነሳ ነበር። ሌላ አባት ቢሆን ይቆጣል፣ ይለማመጣል፣ ካልሆነለትም አኩርፎ ይተዋል። እሱ ግን ዕድሜውን ከእንጨት ጋር የፈጀ ሰው ነውና ካቻቢቴውን ከኪሱ መዘዘ። ሦስቱን ማጠፊያዎች አንድ በአንድ ፈታ፣ በሩን እንደ ታመመ ሰው አቅፎ ወደ ጓሮ ወሰደና ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ብሎኖቹ እንዳይጠፉ እንኳ በጠርሙስ ክዳን ሰብስቦ አስቀመጣቸው። ከዚያ እጁን ታጥቦ ጓሮ ወዳለው ሥራው ተመለሰ።

ልጅቱ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ስትወለድ ኢምንት ስለነበረች ሚጢጢ አሏት፤ አሁን እናቷን በቁመት በልጣም ስሙ አልለቀቃትም። ወረርሽኝ ገብቶ ትምህርት ቤት ከተዘጋና ሰው ሁሉ ከቤት አትውጡ ከተባለ አራተኛ ወሩ ነው። የመጀመሪያ ሰሞን እረፍት መስሏት ስትፈነጥዝ ነበር። ከዚያ ወሬዋ አጠረ፣ ምግቧ ቀነሰ፣ ጸጉሯን ማበጠር ተወች። በመጨረሻ ክፍሏን ዘግታ መዋል ጀመረች።

ያኔ ምክር የማያዋጣ ሰው ጠፋ። የክፍል ኃላፊዋ መምህርት በሳምንት ሁለቴ ትደውላለች። የምትደውለው ልጅቱ ደህና ናት ወይ ለማለት እንዳይመስላችሁ። በስልክ በሚሰጠው ትምህርት ካሜራዋን ስላልከፈተች ቀሪ ተብላ መመዝገቧን ለማሳወቅ ነው። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ ደብተር ይዛ፣ እያዳመጠች ቀሪ! ይህን ጉድ ለማን ይነግሩታል?

የአናጺው ታላቅ እህት ደግሞ አለች። ስልክ ስትይዝ ለሌላው መተንፈሻ አትሰጥም። አምስት ልጅ አሳድጋለች፤ በእሷ ቤት በር የዘጋ የለም፤ በእሷ ቤት የከፋው የለም፤ ወይም እሷን ደፍሮ ከፍቶኛል ያላት የለም። በር ዘግታ የምትውል ልጅ የደበቀችው ነገር ቢኖር ነው፣ እንዳትዘጋ አድርጓት አለች። አናጺው ይህን ሲያብላላ አድሮ ነው በማግሥቱ ካቻቢቴ ያነሳው። እንዳትዘጋ ከተባለ በሩን ማንሳት ነው፤ ለአናጺ ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም።

እናትስ? እናት ዝም አለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎን ውስጥ ከመስኮቱ ሥር በስፌት መኪናዋ የሐኪም ቤት ጋውን ስትሰፋ ትውላለች። መኪናዋ ከልጅቱ ክፍል ፊት ለፊት ስለሆነ በሩ ሲነሳ ቀና ባለች ቁጥር ልጇ ታየቻት። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏት ነበር። አሁን ዓይኔ ሥር ናት ብላ እፎይ አለች።

ሚጢጢ የተሰጣትን በላች፣ ካሜራዋን ከፈተች። መምህርቷ መሻሻል አለ ብላ ደወለች። አክስትየዋም አላልኳችሁም ብላ ደወለች። ሁሉም ደስ አለው። የልጅቱ ዓይን ግን ከቀን ቀን ወደ ውስጥ እየገባ ነበር፤ እሱን ያየ የለም።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ የስፌት መኪናው ክር ተበጠሰ። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው አነሳች፤ ቤቱም ጸጥ አለ። ያን ጊዜ የታፈነ ድምፅ ሰማች። መጀመሪያ ድመት መሰላት። ቀና ስትል አልጋው ባዶ ነው። ክፍሉ ውስጥ ብትገባ ድምፁ የሚመጣው ከቁም ሳጥኑ ነው። ከፈተችው።

ያቺ ከእናቷ የምትረዝም ልጅ በተሰቀሉት ልብሶች ሥር እጥፍጥፍ ብላ፣ ጉልበቷን አቅፋ፣ ሻርፕ በጥርሷ ነክሳ ታለቅሳለች።

«ምን ሆነሽ ነው እዚህ የገባሽው?»

«ሌላ የሚዘጋ ቦታ የለማ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«በሩ ከተነቀለ ጀምሮ። አንገትሽን ደፍተሽ መኪናሽ መጮህ ሲጀምር ጠብቄ ነው የምገባው፤ እንዳታዪኝም እንዳትሰሚኝም።»

ልብስ ሰፊዋ ልጇን ጎትታ ልታወጣት እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። «ልዝጋልሽ?» አለቻት። ልጅቱ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። እናት የቁም ሳጥኑን በር ቀስ አድርጋ ዘጋችና ወደ ጓሮ ወጣች። በባሏ፣ በእህቱ፣ በመምህርቷ፣ ከሁሉ ይበልጥ ግን በራሷ ተናደደች። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እግሯ መርገጫውን በረገጠ ቁጥር ልጇን ታለቅስ ዘንድ ስትሸኛት ከርማለች።

አናጺው ጣውላ እየላገ ነበር።

«ልጅህ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብታ ነው የምታለቅሰው» አለችው። «ሰባት በር ሠርተህ ለሰው በሰጠህበት ዓመት፣ ያንተ ልጅ የምትዘጋው በር አጥታ!»

መላጊያውን ጣውላው ላይ ተወው። «ፈርቼ እኮ ነው» አለ። «ዘግታ ውላ አንድ ነገር ብትሆንብንስ ብዬ።»

«አንተ ፈርተህ በር ነቀልክ። እኔ ፈርቼ ዝም አልኩ። አንዳችን እንኳ ምን ሆንሽ ብለን ጠይቀናታል?»

አናጺው በሩን ከግድግዳው አነሳና ተሸክሞ ገባ። ሚጢጢ ዓይኗ አብጦ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ብሎኖቹን ከጠርሙስ ክዳኑ እያወጣ በሩን መልሶ መግጠም ጀመረ። በዚህ መሃል ስልክ ጮኸ፤ መምህርቷ ናት። የከሰዓቱ ትምህርት ከተጀመረ ሩብ ሰዓት ሆኖታል።

«ዛሬ ቀሪ ናት» አለቻት ልብስ ሰፊዋ። «ነገም ቀሪ ናት። ካሜራዋን ትተው እሷን ሊጠይቁ ሲፈልጉ መልሰው ይደውሉ።» መልሱን ሳትጠብቅ ዘጋችው።

አናጺው ሦስተኛውን ማጠፊያ አጠበቀና «ዝጊው» ብሎ ወጣ። በሩ ተዘጋ። እሱ ግን እዚያው በሩ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ልብስ ሰፊዋም ከጎኑ ተቀመጠች። ከበሩ ወዲያ የልጅቱ ድምፅ መጣ።

«አባዬ፣ አለህ?»

«አለሁ።»

«እማዬስ?»

«አለሁ።»

«እንዳትገቡ።»

«አንገባም» አለ አናጺው።

«ጠዋት መንቃት አስጠልቶኛል» አለች ልጅቱ። ድምፅዋ ከበሩ ሥር እንደሚመጣ ያስታውቅ ነበር፤ እሷም ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። «ለምን እንደሆነ አላውቅም። ማንም ምንም አላደረገኝም። ግን አንዳንዴ ተኝቼ ባልነቃ እላለሁ።»

የአናጺው እጅ ወደ በሩ እጀታ ተወረወረ። ሚስቱ አንጓውን ያዘችው። እንባው ጺሙ ላይ ወረደ፤ እጁን ግን መለሰ።

«ነገ በጠዋት ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን» አለች እናት። «ይህን ነገር የሚያውቅ፣ የሚያዳምጥሽ ሐኪም እዚያ አለ። ጋውን ስወስድላቸው አውቀዋለሁ።»

«ዛሬስ?» አለች ሚጢጢ።

«ዛሬ እዚሁ ነን» አለ አባቷ። «ንገሪን፣ እየሰማንሽ ነው።»