በረዶ የሚጋግረው ኤሲ

ሴትዮዋ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ከመጡ ወዲህ የሳሎኑ ኤሲ ዓመሉ ተለወጠ። ጠዋት ደህና ይነፍሳል፤ ከሰዓት በኋላ ትንፋሹ ይቆረጥና ሆዱ ውስጥ በረዶ ይጋግራል። በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ሶፋውን ያረጥበዋል።

የልጃቸው ባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ወፍራም፣ ላቡ እንደ ምንጭ የሚፈልቅ። ከጋለ ሞተር ጋር ውሎ ሲገባ የሚመኘው ቀዝቃዛ አየር ብቻ ስለሆነ ኤሲው ቀን ከሌት አይጠፋም። አማቱ ግን ቁርጥማት ያለባቸው፣ ነፋስ ገና ከሩቅ የሚሸታቸው ሴት ናቸው። በልጅ ባል ቤት «ብርድ ገደለኝ» ማለት ደግሞ ለእሳቸው ሞት ነው። ስለዚህ፣ ማጥፋቱንም ስለማያውቁበት፣ ሹፌሩ ሲወጣ ጠብቀው ወንበር ላይ ይወጡና የሱፍ ሻርፓቸውን አየር በሚስብበት በኤሲው አናት ላይ ይደፉበታል። ሊገባ ሲል ያነሱታል። ነፋሱ ላላላቸው። አየር ያጣ ኤሲ በረዶ እንደሚሠራ ግን የት አውቀውት! ነገሩ ሲገባቸውም በምስጢር መድፋታቸውን ቀጠሉ።

ሹፌሩ ኤሲውን አጥፍቶ በረዶውን አቀለጠ። ማጣሪያውን በሳሙና አጠበ። ውጭ ያለውን የኤሲውን ክፍል በብሩሽ ጠረገ። በማግስቱ እንደገና በረዶ!

«ጋዝ አንሶት ይሆን እማማ?»

«ይሆናላ» አሉ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። «ዕቃም እንደ ሰው ያረጃል ልጄ።»

ጠጋኝ ተጠራ። ጋዙን ለካ፣ አዳመጠ፣ ዳበሰ። «ይሄ ከእኔና ካንተ ይልቅ ጤነኛ ነው» አለ። «የሚያፍነው ነገር ከሌለ በረዶ አይሠራም።» ሹፌሩ አፈረ። አማቱ ከንፈራቸውን መጠጡ።

አንድ ቀን ሹፌሩ ጭነት ቀርቶበት ሳይታሰብ ከተፍ አለ። አማቱ ወንበር ላይ ቆመው ሻርፑን ይጎትታሉ። ዘርፉ በክፍተቱ ገብቶ ከበረዶው ጋር ተጣብቋል፤ አልላቀቅ አለ።

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

«አቧራ እየጠረግኩ።»

«በሻርፕ?»

«መጥረጊያው አልደረሰልኝማ።»

ሹፌሩ ጠጋ ብሎ አየ። «ዘርፉ እኮ በረዶ ውስጥ ነው ያለው!»

ማምለጫ እንደሌላቸው ሲያውቁ ቀና አሉ። «እኔን እንዲህ ያደረቀኝ ብርድ ፊት ሻርፕማ ምን አቅም አለው!»

ሹፌሩ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ምናለ ቢነግሩኝ?»

«ሰው ቤት ገብቼ ነፋሱን ልዘዝ?»

«የማን ቤት ነው የሰው ቤት?» አለና ክንዳቸውን ይዞ አወረዳቸው። ሳቁ ጠፍቶ ነበር። ኤሲውን አጥፍቶ በረዶው እስኪቀልጥ አብሯቸው ቁጭ አለ። ከዚያ ቅዝቃዜውን ቀነሰ፤ የነፋሱን መውጫ ወደ ጣሪያው አዞረ፤ ወንበራቸውንም ነፋስ ወደማይደርስበት ጥግ ወሰደላቸው።

ማታ ልጅቱ ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጠየቀች። «ኤሲው በመጨረሻ ምን ሆኖ ተገኘ?»

«ታፍኖ» አለ ባሏ።

«በምን?»

አማቱ ሳል ያዛቸው።

«በአቧራ» አለ ሹፌሩ።

«ማጣሪያውን አጥበኸው አልነበር እንዴ?»

«ይሄኛው ለየት ያለ አቧራ ነው» አለ፣ አማቱን ላለማየት እየታገለ። «ሱፍ ሱፍ የሚል።»

አማቱ መያዝ አቃታቸው፤ በሳቅ ፈረሱ። ሹፌሩም ተከተላቸው። ልጅቱ አንዴ እናቷን፣ አንዴ ባሏን እያየች ቆመች።

«እናንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የተዋደዳችሁት?»