የውሰት ወንበሮች

እኛን ከላይኛው ሰፈር የሚለየን አንድ አስፋልት ነው። የእኛ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ላይ ያበቃል፤ የእነሱ እስከ አስራ ሁለተኛ ይዘልቃል፣ ግን ይከፈልበታል። እናቴ የእነሱን ልብስ ታጥባለች፣ አባቴ ለፎቃቸው ሲሚንቶ ይሸከማል። እኔ ስምንተኛን አንደኛ ወጥቼ ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር።

አንድ ቀን ቅጽ የያዘች ልጅ ቤት ለቤት እየዞረች ገቢና ትምህርት ትጠይቃለች ተባለ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ሰፈሩ የተጨነቀው ምን ላይ እንደምትቀመጥ ነው። ደህና ወንበር የነበራት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ብቻ ነበረች፤ ሁለቱ ወንበሮቿ በጓሮ በኩል ጠያቂዋን እየቀደሙ ከቤት ቤት ዞሩ። ልጅቷ ስድስት ቤት ያንኑ ወንበር ላይ ተቀምጣ አላወቀችም። እኛ በሳቅ ሞትን።

«የትምህርት ደረጃዎ?» አለቻት እናቴን።

«አስራ ሁለት ጨርሻለሁ» አለች፣ በአውራ ጣቷ የምትፈርመው እናቴ።

«ባለቤትዎስ?»

«ኮንትራክተር ነው።»

ገቢውንም በዚያው ልክ ቆለለችው። ልጅቷ ስትወጣ «ምነው እማ?» ብላት፣ «ገበናዬን ለማላውቃት ልዘርዝርላት?» ብላ ተቆጣች። አልፈረድኩባትም፤ እኔም ኮርቼ ነበር።

በወሩ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ለካ ያ ሁሉ ጥያቄ ላይኛው ትምህርት ቤት ለችግረኛ ልጆች ነፃ ቦታ ሊሰጥ ኖሯል። ከእኛ ሰፈር አንድም ስም የለም፤ «ነዋሪዎቹ የተማሩና አቅም ያላቸው ሆነው ስለተገኙ» ይላል። ለእናቴ ያነበብኩላት እኔው ነኝ።

የሳሙና እጇን ሳትታጠብ ጎትታኝ ቢሮ ሄደች። ጸሐፊው ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥቷት «ቅሬታዎን ይጻፉ» አላት። ወረቀቱን ለእኔ ስታቀብለኝ መዝገቡን አየና «አስራ ሁለተኛ ጨርሰው የለ እንዴ? ራስዎ ይጻፉ እንጂ» አለ። ከኋላችን ሰልፍ ነበር።

«ፊደል አልቆጠርኩም ልጄ» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ዋሽቼ ነው። በእኔ ጥፋት እሷን አትቅጧት።»

ጸሐፊው አንገቱን ደፋ። ምዝገባው ከተዘጋ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር።

ማታ አባቴ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ብሎ ጀመረና የእናቴን ፊት ሲያይ ተወው።

ይኸው አራት ዓመት፣ ከእናቴ ጋር ላይኛው ሰፈር አጥባለሁ። የዚያን ትምህርት ቤት ዩኒፎርም በሳምንት ሁለቴ እተኩሳለሁ፤ ስተኩስ አንዳንዴ አለቅሳለሁ።

ባለፈው ደግሞ ሌላ ጠያቂ መጣ። ወንበር የተዋሰ የለም፤ ባልዲ ገልብጠን አስቀመጥነው።

«የልጅቷ ትምህርት?»

«ስምንተኛ» ስል እናቴ አቋረጠችኝ።

«አንደኛ ነበር የምትወጣው። እሱንም ጻፍልኝ ልጄ።»

ልጁ ቅጹን ገልብጦ አየው፤ ለእሱ የሚሆን ቦታ አልነበረውም።