መቶ አሥራ ስምንተኛው ፖስታ

ለከባድ ወባ ከሁለት መድኃኒት የትኛው እንደሚሻል ማጥናት ከጀመርን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። አንደኛው በግሉኮስ ተበጥብጦ በደም ሥር የሚንጠባጠበው ነባሩ ኩዊኒን ነው፤ ሌላው አዲሱ መርፌ። ለየትኛው ልጅ የትኛው እንደሚደርሰው የሚወስነው በተራ ቁጥር የታሸገ ፖስታ ነው። ልጅ በመጣ ቁጥር ቀጣዩን ቀድጄ የወጣውን እሰጣለሁ። ከፖስታው ውጭ መርፌው አይገኝም።

ሐኪሙ «ጥናቱ ሳያልቅ የሚሻለውን ማንም አያውቅም» ይላል። ያልተነካ ግልግል ያውቃል። እሱ ጠዋት ብቅ ብሎ ይሄዳል፤ ሲድኑም ሲሞቱም አጠገባቸው ያለሁት እኔ ነኝ። መርፌው እንደሚሻል ልቤ ካወቀ ከርሟል። ደግሞም ደክሞኛል። እግሬ አብጦ በነጠላ ጫማ መሥራት ከጀመርኩ ወር አለፈኝ።

አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ታናሽ እህቴ ልጇን ታቅፋ ገባች። ልጅቷ ራሷን ስታለች።

«እትዬ፣ ድረሺልኝ! አንድ ያለችኝን!»

ወዲያው ሌላ ሴት ወንድ ልጇን አዝላ ተከተለች። እሱም ራሱን አያውቅም። አስተኛናቸው፤ ደማቸው ታየ፤ ሁለቱም ከባድ ወባ። እናቶቹ ልጆቻቸው በጥናቱ እንዲገቡ ፈረሙ።

ፖስታ ላመጣ ቢሮ ገባሁ። ወረቀቱ ስስ መሆኑን ካወቅኩ ቆይቻለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። መቶ አሥራ ስምንተኛውን አንስቼ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ኩዊኒን። ቀጣዩን አየሁ። መርፌ።

ወጥቼ «ወንዱ ይቅደም፤ እሱ ብሶበታል» አልኩ። አልባሰበትም ነበር።

«እኔ አይደለሁ እንዴ ቀድሜ የመጣሁት? ምን ዓይነት እህት ነሽ!» ብላ እህቴ ጮኸችብኝ።

«ዝም በይ» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የእህቴ ልጅ ተነስታ ተቀመጠችና «ጫማዬስ?» አለች። ልጁ ግን በዚያው ጠዋት አረፈ። በመርፌውም ቢሆን ላይተርፍ ይችል ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ለራሴ ይህንኑ ስነግረው ዋልኩ። ቅጹ ላይ «ኩዊኒን፤ ሞቷል» ብዬ ጻፍኩ። ጥናቱ ለመርፌው አንድ ማስረጃ ጨመረ።

እናቱ ልብሱን በፌስታል ይዛ ከበሩ ተመለሰችና እጄን ያዘችኝ።

«ሲስተር፣ የገዛ እህትሽ ልጅ እየጠበቀች የኔን አስቀደምሽልኝ። ማን እንዲህ ያደርጋል? እኔ በሱ ነው የምጽናናው። እግዜር የሥራሽን ይስጥሽ።»

«አሜን» አልኩ።