አይናለም በኖራ የገነባችው ግድግዳ

ኦሃዮ፣ ኒር ኢስት ሳይድ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ለባቡር ሠራተኞች ከተሠሩት አምስት ትንንሽ የጡብ ቤቶች የቀረችው አንዷ የአይናለም ናት። ከተማው እየሰፋ መጥቶ፣ ግራና ቀኟ ባለ አምስት ፎቅ አፓርትመንት በቅሏል። ጎረቤቶቿ ሸጠው ከከተማው ዳር ሂሊያርድ ገቡ። አይናለም ግን ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ካርቶን እየቆለለች አሥራ አንድ ዓመት የከፈለችባትን ቤት ለማንም አልሰጥም ብላ እግሯን ተከለች።

በግንቦት ከከተማው ቅርስ ጥበቃ ቢሮ አንዲት ሴትዮ መጣች። ቤቷ በቅርስነት ከተመዘገበች ማንም አያፈርሳትም። ነገር ግን የፊት ግድግዳው ጡብ እየተላጠ ነው፤ እስከ መስከረም በድሮው አሠራር ካልተጠገነ ምዝገባው ይቀርና ከተማው እንድትፈርስ ሊያዝ ይችላል አለች።

አይናለም ሁለት ኮንትራክተሮች ጠራች። ሁለቱም ስሚንቶ እንምረግበት አሉ። ሁለቱንም ሸኘቻቸው። የፊተኛው ባለቤት የመረገው ስሚንቶ አይደል እንዴ ጡቡን የላጠው? እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ጡቡን ይዞት ይወርዳል። እራሷ ልትሠራው ቆረጠች።

የራሱን ቤት ሸጦ ሂሊያርድ የገባው የድሮ ጎረቤቷ ጋሼ ጣሰው ይህን ሰምቶ ሳቀ። «ደግሞ ግንበኛ ሆንሽ?» አላት።

«ድሮስ ምን ነበርኩ፣ ጋሼ?»

እውነቷን ነው። ከሦስተኛ ክፍል አቋርጣ፣ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ግንብ ሲታደስ ባሬላ ተሸክማለች፤ ኖራ ዘፍዝፋለች። እጇ አልረሳም።

ኖራውን በበርሜል ሦስት ሳምንት ዘፈዘፈችው። አሸዋውን ነፋች። ከሥራ መልስ በመሮ ስሚንቶውን ከጡቦቹ መሐል እየፈለፈለች አወጣች። ልጇ ሔራን በረንዳው ላይ ቆማ «ማም፣ ጀስት ሴል ኢት»፣ በቃ ሽጪው፣ ትላታለች፤ አይናለም ባልዲውን ታቀብላታለች።

መጀመሪያ ጥጉ ላይ የሞላችው ኖራ አልያዘም። የኦሃዮ ፀሐይ ፈጥኖ አደረቀውና በጣት ሲነካ ፈረሰ።  እንደገና ፈልፍላ አወጣችው፣ ጡቡን በውኃ አራሰችው፣ ሞልታ ሲያበቃ እርጥብ ጆንያ ሸፈነችበት። ከዚያ ወዲያ ነሐሴን ሙሉ ጧት ማታ ጆንያ ስታርስ ከረመች። ሔራንም ሳትጠራ ባልዲ መሙላት ጀመረች።

በመስከረም ሴትዮዋ ተመለሰች። ቁልፏን አውጥታ በጡቦቹ መሐል የተሞላውን የኖራ ማልታ ፋቀችው፤ አልፈረሰም። ውኃ ረጨችበት፤ ግድግዳው ሳይረግፍ ጠጣው። በሥራዋ እንዲህ ያለ እጅ ብዙ እንዳላየች ተናግራ ፎርሙን አወጣች፤ ቤቷ ለቅርስነት አለፈች። የቀረው የኮንትራክተሩን ስም መሙላት ነበር። ሔራን እስክሪብቶ ተቀብላ በእንግሊዝኛ «ሰልፍ»፣ ራሷ፣ ብላ ልትጽፍ ስትል እናቷ እጇን ያዘቻት።

«ስሜን ጻፊ። ከነአባቴ፣ ከነአያቴ።»

አይናለም ጀማነህ ንጉሤ። ፎርሙ ላይ ያለችው የስም ሣጥን አልበቃችም፤ ሔራን መስመሩን አልፋ ጻፈችው።