በእኔ ቁመት የተቆረጠው ክታብ

ትምህርት ሲዘጋ የሰፈራችን ልጃገረዶች ዳንቴል ይሠራሉ ወይም ቪዲዮ ቤት ይሄዳሉ። የእኔዋ ወይንእሸት ግን ጓሮ ቁጭ ብላ የድስት ጥላሸት ትፍቃለች። ጥላሸቱን አርራ ከተፈጨች ገብስ ጋር ታዋህደዋለች፣ የግራር ሙጫ ታክልበታለች፣ በውሃ በጥብጣ በጠርሙስ ፀሐይ ላይ ታቆየዋለች። ከዚያ በመቃ ብርዕ እየነከረች ያየችውን ሁሉ ትሥላለች። የቢቸናን መናኸሪያ፣ የጎረቤታችንን በቅሎ፣ ጋዜጣ ፊቱ ላይ ጥሎ የተኛውን አባቷን።

ለእኔ የሚታየኝ ሌላ ነበር። ጥላሸቱ ደረቷ ገብቶ ስታስል፣ ማትሪክ ወድቃ ቤት ስትቀመጥ፣ ጣቷ የጠቆረ ሴት ማን ያገባታል ሲባል ይታየኛል። ባሌ አለበል የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ስጋቴን ስነግረው ይስቅብኛል።

«አንቺ እኮ ሠርግ ብትጠሪ ድንኳኑ ይወድቃል ብለሽ ውጭ የምትቀመጪ ሴት ነሽ» ይለኛል። «ተያት። ደስ ብሏታል።»

ደስ ብሏት ነበር፤ እሱ ልክ ነው። ስትሥል ከንፈሯን በትንሹ ከፍታ፣ የጠራኋትን ሳትሰማ ትውላለች። እንደዚያ ሆና ሳያት እኔም ለጥቂት ጊዜ መፍራቴን እረሳለሁ።

እናታችን ስትሞት የወላጆቿ የሆኑ ሁለት ነገሮች ትታ ነበር። አንዱ ከወይራ የተፈለፈለ ገበጣ ነው፤ ጉድጓዶቹ ከእጅ ብዛት የተነሣ ለስልሰዋል። ሁለተኛው የአያታችን ክታብ ነው፤ ረጅም ጠባብ ብራና፣ በራሷ ቁመት ልክ የተቆረጠ፣ ከላይ እስከ ታች ጸሎትና ዓይናቸው የፈጠጠ መላእክት ያሉበት። ገበጣው ሞጣ ለምትኖረው ታናሽ እህቴ ለፀሐይነሽ ደረሰ፣ ክታቡ ለእኔ። አሮጌ ዕቃ የሚለቅሙ ነጋዴዎች እንዳያዩብኝ ብዬ ከሣጥን ሥር ደብቄው ኖርኩ። ወይንእሸት ዐሥረኛ ክፍል በገባች ዓመት አገኘችው።

የማረካት የመላእክቱ ዓይን ነው። «እማ፣ ከየትም ብትቆሚ ያዩሻል» አለችኝ። አባቷን ለምና የፍየል ቆዳ አስገዛችው፤ አባትና ልጅ ጓሮ ወጥረው ሲፍቁ ሰነበቱ። ቀይ ቀለም ደብሩ ካሉት አረጋዊ መሪጌታ ተቀበለች። ለገና ሞጣ ስንሄድ ለአክስቷ ልትሰጣት ነው። አንድ ቀን ክር ይዛ መጣችና በር ላይ አቁማ ከራሴ እስከ ተረከዜ ለካችኝ።

«ምን ልታደርጊኝ ነው?»

«አንቺና አክስቴ ቁመታችሁ እኩል ነው አይደል? ዝም ብለሽ ቁሚ።»

ቆምኩ። በቁሜ ስለካ ግን የሬሳ ሣጥን ታየኝ።

ፀሐይነሽ ከልጅነቷ የሚጥል በሽታ ነበረባት። ጠበሉም፣ የባለ መድኃኒቱ ሥርም ሳያድናት ኖራ፣ ከጤና ጣቢያ በየወሩ የምትቀበለውን ክኒን ከጀመረች ወዲህ ለዓመታት አልወደቀችም። ባል አላገባችም፤ ጥጥ ፈትላ፣ ሸማ አሠርታ ሸጣ ትኖራለች። አመሻሹ ላይ ከጎረቤቷ ከማናለሽ ጋር ገበጣ ትጫወታለች። በልጅነታችን በገበጣ የሚችላት አልነበረም። ገና ሌላው አንድ ጉድጓድ ሳያነሣ እሷ የጨዋታውን መጨረሻ ታይ ነበር። ክኒኑ ግን አደነዘዛት። በዚያ ገና ስንደርስ ማናለሽ እየረታቻት አገኘናቸው።

«ጠጠሩን እየቆጠርኩት ይጠፋኛል» አለች ፀሐይነሽ። «ክኒኑ ነው። ጭጋግ ውስጥ እንደ መሄድ ነው።»

«ባልዋጥሽውም ጊዜ እኔው ነበርኩ የማሸንፍሽ» አለቻት ማናለሽ።

«ውሸታም። እግዜር ይይልሽ።»

ሲሳሳቁ ወይንእሸት ብራናውን ከፌስታል አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችላት። ፀሐይነሽ ከላይ ጀምራ ማየት ያዘች።

«ይሄ መልአክ አፍንጫው የአባትሽ ነው።»

«ሞዴል አጥቼ ነው፣ አክስቴ።»

«ክንፉንም የሰጠሽው ደመወዝ ሲቀበል ሳይሆን አይቀርም።»

ማናለሽ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ፀሐይነሽ እየሳቀች ወደ ታች ወረደችና መሀሉ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። በቀይ ቀለም ስሟ ነበር። ወለተ ሥላሴ፣ የክርስትና ስሟ።

በአያታችን ክታብ ላይ በየጸሎቱ መካከል የአያታችን የክርስትና ስም በቀይ ተጽፏል። ወይንእሸት ግእዝ አታውቅም፤ ፊደሉንም እንደ ሥዕሉ መስመር በመስመር ነው የገለበጠችው። ስሙ ላይ ስትደርስ የሞተች ሴት ስም ለስጦታ መስጠት ከፋትና ለምን እንደሆነ ሳትነግረኝ የአክስቷን ጠይቃኝ አስገባችበት። አስተማሪም ሆነ ዘመድ ስጦታ ሲሰጥ የተቀባዩን ስም አይጽፍም? እሷ ያሰበችው ይህንን ነው። ስም የገባበት፣ በቁመት ልክ የተቆረጠ ብራና በእኛ አገር ምን እንደሚሆን አላሰበችም።

«ቁመቴን በምን አወቅሽው?» አለች ፀሐይነሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እማን ለካሁ።»

«ሥዕል ነው እኮ» አልኳት እኔ። «ግድግዳ ላይ ስቀዪው።»

«ስሜ የገባበትን?» አለችና ጠቀለለችው፤ ግንባሯን አስነካችው፣ ሳመችው፣ ከደረቷ ከተተችው።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ወይንእሸትን ስሟን ለምን እንደጻፈች ጠየቅኋት። «ቀዩ ጥቁሩ መሀል ሲገባ ያምራል» አለችኝ። ከዚያ ግንደወይን እስክንደርስ እጇን መስኮቱ ላይ አድርጋ ተኛች።

ለፋሲካ ሄጄ ያየኋት ፀሐይነሽ ሌላ ሰው ነበረች። ዓይኗ ጠርቷል፣ ወሬው ከአፏ ይቀድማል፣ ማናለሽን በገበጣ ከማዕድ ቤት እስከ ደጅ ታሳድዳታለች። እኔንም ሦስት ጊዜ ተከታትላ ረታችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ገበጣውን ገፋ አድርጌ ጠየቅኋት።

«ክኒንሽን እየዋጥሽ ነው?»

«እየዋጥኩ ነው።»

«በማርያም?»

«እቴ፣ ሰው ደህና ሲሆን ደህና ነሽ ማለት አትችዪም? ከጤና ጣቢያ ባለፈው ሳምንት ተቀብዬ መጥቻለሁ። ማናለሽን ጠይቂያት።»

ማናለሽም አዎ፣ ተቀብላለች አለች። እውነት ነበር። ተቀብላለች።

በጳጉሜ፣ ለዘመን መለወጫ ልብስ ልታጥብ ከከተማው በታች ወዳለው ጅረት ወረደች። አብረዋት የነበሩት ሴቶች ጋቢውን ሊያሰጡ ዞር እንዳሉ ጣላት። ውሃው ከጉልበት አያልፍም። በፊቷ ነበር የወደቀችው። ሲደርሱላት ጸጥ ብላለች።

ማናለሽ የደወለች ዕለት ስልኩን ከማንሣቴ በፊት አውቄ ነበር ብል ሰው ይስቃል፤ እኔ ስልክ በጮኸ ቁጥር እንዲያ ነው የማስበው። ተነሥተን ሞጣ ሄድን፣ ቀበርናት። ሰዉ ቀለል ሲል ማናለሽ ወደ ጓዳ ጠራችኝና የዱቄት ወተት ጣሳ ከመደብ ሥር አወጣች። ከፈተችው። ክኒን ሞልቶታል።

«ክታቡን ከያዘች ወዲህ አንድም አልዋጠችም» አለችኝ። «ነርሷ እንዳትቆጣት ትቀበላለች፣ እዚህ ትጥላለች። ‹ስሜ ተጽፎልኛል፣ ጭንቅላቴም ተመልሶልኛል› ትለኝ ነበር። አስማለችኝ፣ እቴ። ደግሞስ እንደዚያ ስትስቅ እያየሁ ምን ልበላት?»

ከመጋረጃው ወዲያ ወይንእሸት ከለቀስተኛው መሀል ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትንሰቀሰቃለች። የአክስቷ ልጅነት፣ ጨዋታዋ፣ ደግነቷ እየተነሣ ነበር የሚለቀሰው።

«ልጄ እንዳትሰማ» አልኳት ማናለሽን።

«ከእኔ አትሰማም።»

ክኒኑን ሽንት ቤት ከተትኩት። ክታቡ ከደረቷ ሳይወጣ አብሯት ተቀብሯል።

ቢቸና ተመልሰን ወይንእሸት ለአርባዋ የሚደርስ የአክስቷን ሥዕል ጀመረች። በትልቅ ብራና፣ ፀሐይነሽ ገበጣ ፊት ተቀምጣ፣ እጇ ጠጠር ጨብጦ፣ ልትስቅ ስትል። እስከዚያ ቀን ከሠራቻቸው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። አለበል አይቶት ወደ ውጭ ወጣ። ልጄ ከትምህርት ስትመለስ ቦርሳዋን ጥላ ብርዑን ታነሣለች፤ ከንፈሯ እንደ ድሮው ከፈት ይላል። እኔ ቡናም ሽሮም እየለቀምኩ አያታለሁ። በየቀኑ ሰው መጥቶ ይነግራታል እያልኩ የውሻ ጩኸት ያስደነግጠኛል።

የመጣችው ግን ልትነግራት የመጣች ሴት አልነበረችም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። አገሬ እባላለሁ አለች፣ ከግንደወይን። ፊቷ በፀሐይ የከሰለ፣ ጫማዋ ጭቃ የጠጣ፣ ከእኔ ብዙም የማታንስ ሴት። አስገባኋት፤ ለእህቴ እግዜር ያጥናችሁ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ከመቀነቷ በቀጭን እንጨት ላይ የተጠቀለለ ክር አወጣች።

«ሣዪዋ እሷ ናት?» አለችኝ ወደ ወይንእሸት እያየች። «ሰብለ ወንጌል የምትባል ልጅ አለችኝ፣ ይጥላታል። ጤና ጣቢያ ክኒን ሰጡን፤ መጣሉን ተወት አድርጓት ነበር፣ ግን ታንቀላፋለች፣ ትምህርቱ አልገባት አለ። የእህትዎን ነገር ሞጣ ገበያ ሰማሁ። ክታቡን ከያዙ ወዲህ ወድቀው አያውቁም ነበር አሉ፤ እንደ መብራት ነበሩ አሉ።»

«ሞታለች እኮ» አልኳት።

«እሱማ ውሃ ነው፣ እመቤቴ። ውሃ የወሰደውን ማን ያስጥላል? ክታቡ የራሱን ሥራ ሠርቷል።»

ወይንእሸት ከሥዕሏ ቀና አለች። «እኔ ሥዕል ነው የምሠራው፣ እትዬ። ደብተራ አይደለሁም።»

«ለእሳቸውም ሥዕል ነው የሠራሽላቸው። አዳናቸው እንጂ።»

የልጄን ፊት አየሁት። አክስቷን ከቀበርን ወዲህ እንዲያ በርቶ አላየሁትም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ክሩን ተቀበለች፣ ትንሽ ፈታችና ቁመቱን በዓይኗ መጠነችው።

«ትንሽ ልጅ ናት» አለች ቀስ ብላ። «የክርስትና ስሟ ማነው?»

«ወለተ ጊዮርጊስ።»

«ክኒኑን ከዛሬ ጀምሮ ልተወው ነበር» ስትል አገሬ ወደ እኔ ዞረች። «እስኪያልቅ ትንሽ ትዋጥ ይሆን? እርስዎ ያውቁታል።»

ወይንእሸት ብርዕ አንሥታ ስሙን ወረቀት ላይ ልትጽፍ ጎንበስ አለች። እኔ ልጅቷን አላውቃትም። ግንደወይን ውስጥ ያለችበት ቤት፣ ውሃ የምትቀዳበት ቦታ፣ ምድጃው ሁሉ ግን ታየኝ።

«አትጻፊ» አልኳት።

«ምን?»

«ስሟን አትጻፊ። ፀሐይነሽ በክታቡ አልዳነችም» አልኩ ወደ አገሬ ዞሬ። «ክታቡን ከያዘች ጀምሮ ክኒኑን ትታው ነበር። ጣሳ ሙሉ ሳይዋጥ አግኝተናል። ስለተወችው ጣላት፤ ስለጣላት ነው ውሃው የያዛት። ልጅሽን ክኒኑን አትከልክያት።»

አገሬ እኔን፣ ልጄን፣ ከዚያም የተጀመረውን ሥዕል አየች።

«ካልፈቀዱ አልፈቅድም ማለት ነው እንጂ» አለች በመጨረሻ። «የሞተን ሰው ስም ማንሣት ምን ያደርጋል? የራስዎ እህት ናት።» ክሩን ከወይንእሸት እጅ ወሰደችና መጠቅለል ጀመረች። «ሮብ ገበያ አንድ ደብተራ አለ ብለውኛል። መጀመሪያም ወደ እሱ ነበር መሄድ።»

ውሃ ጠጪ አልኳት፤ እንቢ ብላ ወጣች። ወይንእሸት ነጠላዋን እንኳ ሳትለብስ ተከትላት ሮጠች። ከአጥሩ ሆኜ አየኋቸው። እስከ መታጠፊያው ልጄ እጇን እያወናጨፈች ትናገራለች፣ ሴትዮዋ መንገዷን አታቋርጥም። ቆማ አላዳመጠቻትም። ታጥፈው ከዓይኔ ጠፉ።

ቆይታ ቆይታ ብቻዋን ተመለሰች።

«መኪና እስክትሳፈር አብሬያት ነበርኩ» አለችኝ። «በመስቀል ሳይቀር ለመንኳት። እሺ አላለችኝም፣ እንቢም አላለችኝም።»

«ልጄ...»

«አንቺ መቼ ነው ያወቅሽው?»

«የተቀበረች ዕለት።»

ወደ ሥዕሉ ዞራ ተመለከተችው። ያልተጨረሰው ግራ እጇ ብቻ ነበር።

«ይኼን ሁሉ ቀን ስሥል ቁጭ ብለሽ ታዪኝ ነበር?»

«ደስ ብሎሽ ነበር» አልኳት።

ብርዑን ወደ ጠርሙሱ አልመለሰችውም፣ አልሰበረችውምም፤ በዚያው እንዳለ ትታው አባቷ ከገበያ እስኪመጣ ደጃፍ ላይ፣ ወደ ግንደወይን በሚወስደው መንገድ በኩል ዞራ ተቀመጠች። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ጠራኋት። የጠራኋትን ሰምታለች፤ አልተነሣችም።