ያልተሰማው ምስክር

ኃይለጊዮርጊስ ኮቱን አውልቆ ባጃጁ ላይ ጣለና ከአንዱ ጎረምሳ እጅ አካፋውን ተቀበለ። ጎረምሳው ዝሏል፤ ከንጋት ጀምሮ አሸዋ ሲዝቅ ነው ያረፈደው። የደቻቱ ወንዝ ትናንት አመሻሽ ጠራርጎ ያመጣውን ሁሉ እዚህ መታጠፊያው ላይ አራግፎታል፤ ቆርቆሮ፣ ፍራሽ፣ የፍየል ሬሳ፣ ከነሥሩ የተነቀለ የቁርቁራ ዛፍ። ሰዎቹ የሚፈልጉት ግን ሰምሰምን ነው። ገና ሁለተኛ ክፍል ነበረች።

«ቀስ በል» አለው አባቷ ወርሳሜ። «አካፋው እንዳይነካት።»

ከዚያ በኋላ ኃይለጊዮርጊስ አካፋውን ትቶ በእጁ መዛቅ ጀመረ። የድሬ ፀሐይ ደግሞ ሐዘን አይገባትም፤ አናት አናታቸውን ትላቸዋለች። ያገኟት ረፋድ ላይ ነው፣ ቁርቁራው ሥር፣ ቆርቆሮ ተጭኗት። ወርሳሜ የትከሻውን ፎጣ አውርዶ ጠቀለላትና አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ ታቅፏት ቆየ። ኃይለጊዮርጊስ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ።

ድሬ ላይ እኮ ጠብ አላለም ነበር። ዝናቡ የጣለው ላይ፣ ደንገጎ ተራራ ነው። ድሬ እንዲህ ናት፤ ሌላ አገር ይዘንባል፣ እሷ ጎርፉን ትቀበላለች። ሰው ሻሂውን ይዞ ደጁ እንደተቀመጠ ውሃው እያጓራ ደረሰ። የወርሳሜ ቤት ደግሞ ከሁሉም ወደ ወንዙ አሸዋ የቀረበው ነው። ሚስቱ ቱሪያ ሕፃኑን አቅፋ ስትወጣ ሰምሰም ከኋላዋ ያለች መስሏት ነበር።

እነዚህ ቤቶች ቀደም ብለው መፍረስ ነበረባቸው። «ጎርፍ ያሰጋል፣ ተነሱ» ተብለው ምትክ ቦታ ተሰጥቷቸው ነበር፣ በጀልዴሳ መንገድ ራቅ ብሎ፣ ባጃጅ እንኳ በልመና የሚሄድበት። ቀፊራ ገበያ ጭነት ተሸክሞ፣ ቀፊራ ቲማቲም ቸርችሮ ለሚያድር ሰው ከቀፊራ መራቅ ማለት ጦም ማደር ነው። ስለዚህ ተሰብስበው ኃይለጊዮርጊስ ዘንድ ሄዱ። ሌላ ወዴት ይሄዳሉ?

ሰውዬው የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፤ ሕግ ተምሮ ከተመለሰ ጀምሮ የድሬ ድሀ ጠበቃ እሱ ሆኗል። ባለጉዳይ ነጋዴ ቢሮው ተጎልቶ እየጠበቀው፣ እሱ ደመወዟን የተከለከለች የቤት ሠራተኛ ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ይሮጣል። ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ይለምናል፣ እምቢ ያለውን ባለሱቅ ደግሞ እስኪሰጠው ድረስ ደጁን አይለቅም። ሚስቱ አለምብርሃን «እኔ የተዳርኩት ለቀበሌው ነው» ትላለች፤ ስትቀልድ ነው፣ አንዳንዴም ሳትቀልድ።

የወንዝ ዳሩን ሰዎች ጉዳይም በነፃ ያዘና እግድ አወጣላቸው፤ ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪወሰን ማንም እንዳይነካቸው። ያን ለት በትከሻቸው ተሸክመውት ነበር።

ያሸነፈው እንዲህ ነው። የከተማው አስተዳደር ጠበቃ፣ አብዲራሺድ የሚባል የውሃ መሐንዲስ ምስክር አድርጎ አመጣ፤ ነገር ግን ስሙን አስቀድሞ ከምስክሮቹ ጋር አላስመዘገበውም። ኃይለጊዮርጊስ ተነስቶ ተቃወመ። ዳኛዋ ተቃውሞውን ተቀበለች፣ መሐንዲሱም አፉን ሳይከፍት ወጣ። ሥርዓቱ ነው፤ ማንም ጠበቃ ያደርገዋል። ታዲያ ችሎት ከመግባታቸው በፊት አብዲራሺድ ኮሪደሩ ላይ ክንዱን ይዞ ሊናገር የመጣውን ሁሉ ለእሱ ነግሮት ነበር። ኃይለጊዮርጊስ አላመነውም። ጎርፍ ይመጣል ተብሎ ድሀ የተነሳበት ቦታ ላይ ጎርፉ ቀርቶ ሕንፃ ሲበቅል በዓይኑ አይቷል። ይኼም ያው ነው ብሎ ዘጋው።

ሰምሰም ከቀትር ሶላት በኋላ ተቀበረች። ጀናዛዋን ወንዶቹ ከትከሻ ወደ ትከሻ ሲቀባበሉ ተራው ለእሱም ደረሰው። ቀላል ነበረች። የቃሬዛውን ያህል እንኳ አልከበደችውም፤ ግን ሰው ደግፎት ነው ያሳለፋት።

ለቅሶው ከፍ ብሎ ካለ ዘመድ ቤት ነው፤ ወንዶቹ ደጅ ድንኳን ሥር፣ ሴቶቹ ውስጥ። አንድ ሰው ክፉ ቢናገረው ምንኛ በወደደ! ሁሉም መረቁት። ሽማግሌዎቹ አላህ ዕድሜህን ያርዝመው አሉት፤ አንዱ እንዲያውም አንተ ባትኖር ይኼኔ ተበትነን ነበር ብሎ ጉልበቱን መታ መታ አደረገው። የሞተችው በቀደር ነው፣ የተጻፈላት ነው አሉ። ኃይለጊዮርጊስ የቀረበለት ሻሂ እጁ ላይ ቀዘቀዘ።

ወርሳሜ ጠጋ አለው። ድሬ አንቱታ አታውቅም፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው።

«ኃይሌ፣ የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ነገ ነው አይደል?»

«ነገ ነው።»

«እንዳትለቀን። ልጄን ውሃ ወሰዳት፤ ቤቴን ደግሞ ሰው እንዳይወስደው። ወላሂ ሌላ የለኝም። ነገ ተነስቼ የምሸከመው ቀፊራ ነው።»

ኃይለጊዮርጊስ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። የለመደው ነገር ነው፣ አዎ ማለት። የቀሩት ቤቶች ትናንት ውሃው ከደረሰበት በላይ ናቸው ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ፤ ግን ክረምቱ ገና መግባቱ ነው፣ ጎርፉም ገና ጫፉ ነው የመጣው። እነዚያ ቤቶች ውስጥ ዛሬም ልጆች ያድራሉ።

ሊሄድ ሲነሳ አንዲት ሴት ቱሪያ ትፈልግሃለች አለችው። ቱሪያ የጓሮው በር ላይ ቆማ ነበር፣ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ ዓይኗ አብጦ። አብሽሪ፣ አይዞሽ ሊላት አፉን ከፈተ፤ እሷ ቀደመችው።

«ኃይሌ፣ ያ ሰውዬ ምን ሊል ነበር?»

«የቱ ሰውዬ?» አለ፤ የቱ እንደሆነ ግን ገብቶታል።

«ፍርድ ቤት የመጣው፣ መነጽር ያለው። ሰምሰም ያን ለት አብራኝ ነበረች። ‹እማ፣ ሰውዬው ለምን ሳይናገር ወጣ?› አለችኝ። ‹ኃይሌ አሸነፈው› አልኳት። ምን ሊል ነበር?»

የባለሙያ ነገር ነው፣ እኛም አይገባንም ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ውሸቱ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ አልወጣ አለው።

«ደንገጎ ላይ ከባድ ዝናብ ከጣለ ውሃው በቤታችሁ ላይ ያልፋል፣ ሰው ይሞታል ሊል ነበር።»

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«ነግሮኝ ነበር። አላመንኩትም።»

ቱሪያ ሻሿን ወደ ፊት ስባ አገጯ ሥር ቋጠረችው።

«እኔ አምኜው ቢሆንስ?» አለች።

አልጮኸችም፣ አልረገመችውም። ጥያቄዋን ብቻ ጥላበት ወደ ሴቶቹ ገባች። ኃይለጊዮርጊስ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። እሱ በእነሱ ፈንታ ተከራክሮላቸው ነበር፤ በእነሱ ፈንታ ሰምቶም፣ በእነሱ ፈንታ አላምንም ብሏል። ይኼን ሁሉ ዓመት ደግ ሥራ የሚለው ይኼንን ነበር ወይ? 

ወደ ድንኳኑ ሲመለስ ወርሳሜ ፈቀቅ ብሎ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀለት። አልተቀመጠም።

«ነገ ያ መሐንዲስ ይናገራል» አለ። «እንዲሰማ የምጠይቀው እኔ ነኝ።»



«ቤታችንን ልትሰጣቸው ነው?» አለ ወርሳሜ።

«ካልፈለጋችሁ ውክልናዬን ዛሬውኑ አንሱት፣ መብታችሁ ነው። ሌላ ጠበቃ ታገኛላችሁ፤ ያሸንፍላችሁም ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን ሰውዬው ሊል የነበረውን ስሙ።»

«ሰምተንስ የት እንሄዳለን?»

«አላውቅም» አለ ኃይለጊዮርጊስ።

ቅድም የመረቀው ሽማግሌ ከዘራውን አንስቶ ወጣ፤ ሁለት ሰዎች ተከተሉት። ወርሳሜ አልተነሳም። ዓይኑን ከምንጣፉ ሳያነሳ፣ «ተናገር» አለው።

ኃይለጊዮርጊስ እንደቆመ ነገራቸው፤ ውሃው ከየት እንደሚነሳ፣ በየትኛው በኩል እንደሚታጠፍ፣ የማንን ቤት ቀድሞ እንደሚያገኝ። ሲጨርስ ወደ ወርሳሜ ዞረ።

«ሰውዬው ይኼን የነገረኝ ዛሬ አይደለም» አለው። «ያን ለት፣ ከችሎቱ በፊት ነው፤ ሰምቼው ነው እንዳይናገር ያስከለከልኩት።»